ታብሌት ካስተማረ እኛ ምን እንሠራለን?

ባለፈው ሰሞን በሥነ ልቦና ክፍለ ጊዜ አሠልጣኝ መምህራችን ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው አንድ ጥያቄ ወረወሩብን። «ሕፃናትን ያለ አስተማሪ ማንበብ የሚያስችል መሣሪያ ከተገኘ እናንተን እዚህ ማሠልጠን ለምን ያስፈልጋል?» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ፣ ሙከራውም የተደረገው ባሕር ማዶ ሳይሆን እዚሁ አገራችን ውስጥ እንደ ነበረ ነግረውን ደወል ተደወለና ወጡ።

እኛ በአንድ መኝታ ክፍል የምናድር ስድስት ዕጩ መምህራን ነን። ከዚያች ቀን ወዲህ መብራት ከጠፋ በኋላ እንኳ ሌላ ወሬ የለንም። ይህን ጽሑፍ በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ስናወጣ ስድስታችንም ተስማምተን አይደለም። አንዱ ጓደኛችን እስከ ዛሬ «ተሸንፋችኋል እኮ፣ አላወቃችሁትም እንጂ» እያለን ነው። የእሱንም ነገር ወደ በኋላ እናመጣዋለን።

ሙከራው እንዲህ ነው። በ2012 (የፈረንጆቹን ዓመት በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንጽፋለን፤ የእኛ ሲሆን «ዓ.ም.» እንላለን) «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ሁለት የኢትዮጵያ መንደሮችን መረጠ። አንዱ በደጋው በወንጪ፣ ሁለተኛው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በወለንጪቲ አካባቢ የሚገኝ ነው። በየመንደሩ ወደ ሃያ ለሚጠጉ፣ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ልጆች በካርቶን እንደ ታሸጉ ታብሌቶች ተሰጡ። ለአዋቂዎቹ በፀሐይ ኃይል ባትሪው እንዴት እንደሚሞላ ታየ። ለልጆቹ ግን መመሪያ የለ፣ አስተማሪ የለ፣ ማንም ምንም አላላቸውም። በየሳምንቱ አንድ ባለሙያ እየሄደ የታብሌቱን ማስታወሻ ካርድ ይለውጣል። ልጆቹ የነካኩት ሁሉ ከካርዱ ላይ ይነበባል።

የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት በማሳቹሴትስ ስለ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች በተደረገ ጉባኤ ላይ ውጤቱን ተናገሩ። እንደ እሳቸው አነጋገር በአራት ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አግኝቶ ታብሌቱን አበራው። በአምስት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 አፕሊኬሽን ይከፍት ጀመር። በሁለት ሳምንት ውስጥ የእንግሊዝኛው ፊደል መዝሙር በመንደሩ ይዘመር ነበር። በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ ልጆቹ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ በራሳቸው ብልሃት አስከፍተው ተገኙ።

ይህን ስንሰማ መጀመሪያ የተሰማን ኩራት ነው፤ ምን ይደበቃል። የእኛው አገር ልጆች፣ ከእኛው የገጠር ቀበሌ የማይለይ ቀበሌ ውስጥ ያሉ፣ የፈረንጅ ኢንጂነር የዘጋውን ከፈቱ! ኩራቱ ሲበርድ ግን ሌላ ስሜት መጣ። እኛ ለዚህ ሥራ ይኸው ዓመታት እየሠለጠንን ነው። ካርቶን ጥሎ መሄድ ከበቃ ነገ የትኛው ቀበሌ ነው የእኛን መምጣት የሚጠብቀው?

ከስድስታችን አንዷ ቶሎ ብላ አንድ ነገር አነሣች። ታብሌቱ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ የዚያ አካባቢ ልጅ ደግሞ በቤቱ የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ነው። «ታዲያ የዘመሩት ትርጉሙን ነው ወይስ ዜማውን?» አለች። በዚያች ሌሊት ማንም አልመለሰላትም። ጥያቄዋ ግን ወደ ቤተ መጻሕፍት አስኬደን፤ ማንበብ የሚባለው ነገር አንጎል ውስጥ ምን እንደሆነ ሳናውቅ ስንከራከር ቆይተን ኖሯል።

መናገርን ለመማር ማንም ሕፃን ትምህርት ቤት አይሄድም። ሰው በዙሪያው ካለ ይናገራል። ጽሕፈት ግን ከተፈለሰፈ ገና 5,000 ዓመት አለፍ ቢለው ነው። ይህ ለሰው ዘር አጭር ጊዜ ስለ ሆነ አንጎላችን ለንባብ ተብሎ የተሠራ ክፍል ይዞ አይወለድም። የፈረንሳዩ የአንጎል ተመራማሪ ስታኒስላስ ዴሃን እንደሚያስረዱት አንጎል ዕቃንና ፊትን ለመለየት ከሚያውለው ቦታ ላይ ጥቂት ቆርሶ ለፊደል ይሰጠዋል። እኚሁ ሰውና ባልደረቦቻቸው በ2010 ባወጡት ጥናት በብራዚልና በፖርቱጋል የሚኖሩ 63 አዋቂዎችን አንጎላቸው ሲሠራ በሚያሳይ መሣሪያ ተመለከቱ። ዐሥሩ ፊደል ያልቆጠሩ፣ 22ቱ በጉልምስና የተማሩ፣ 31ዱ በልጅነት የተማሩ ነበሩ። ጽሑፍ ሲታያቸው ማንበብ በሚችሉት ሰዎች አንጎል በግራ በኩል፣ ከኋላ ዝቅ ብሎ የሚገኝ አንድ ቦታ ይሠራል፤ ንባባቸው በጠነከረ መጠን የቦታውም ሥራ ይጠነክራል። በዚያው ቦታ ለሰው ፊት ይሰጥ የነበረው ምላሽ ደግሞ ጥቂት ይቀንሳል። (አንዳችን ይህን ሲሰማ «የክፍል ጓደኞቼን ስም ከፊታቸው ጋር የማላገናኘው ለካ ጎበዝ አንባቢ ስለ ሆንኩ ነው» ብሎ ተንጠራራ። ሰበብ ነው።)

ከዚህ የተነሣ ልጆች 3 ቁጥርን ገልብጠው የሚጽፉበት ምክንያት ገባን። ጀበና እጀታው ወደ ቀኝም ዞረ ወደ ግራ ያው ጀበና ነው፤ አንጎልም ዕቃን የሚያውቀው እንዲሁ ነው። ጽሑፍ ብቻ ነው «ወደዚህ ሲዞር ሌላ ነው» የሚለው። ልጁ አልሰነፈም፣ አንጎሉ የቀድሞ ሥራውን ገና አልተወም ማለት ነው። ለዚህ ነገር ጆሮአችን የተቆነጠጠ ሁለት ሰዎች እዚህ መኝታ ክፍል ውስጥ አለን።

በጉልምስና የተማሩት ሰዎች አንጎልም መለወጡ ነው ይበልጥ የገረመን። ዕድሜው የገፋ አይማርም ሲባል ነው ያደግነው። የአንዳችን አያት ግን በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ ሁለት ልጆች ወልደው ካበቁ በኋላ ፊደል የቆጠሩ ናቸው። (ይህ ዘመቻ በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ የማንበብና የመጻፍ ሽልማት ያገኘ ነው።) ልጅት ደውላ የጥናቱን ነገር ብትነግራቸው «ይኼን ለማወቅ ነው መኪና ያስፈለጋቸው? እኔን አይጠይቁኝም ነበር?» አሏት። ቀጥለውም ያልጠየቀቻቸውን ነገር አወሩ። ያስተማረቻቸው ከከተማ የመጣች ልጅ እግር ነበረች። እጃቸው እርሳስ መያዝ ሲያቅተው እጃቸውን በእጇ ይዛ ነው «ለ»ን ያስጻፈቻቸው። ስሟን እስከ ዛሬ ያስታውሳሉ። የመጽሐፉን ስም ረስተውታል።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። በማስተማር ልምምድ ጊዜ ሁለታችን አንድ ሦስተኛ ክፍል ተመድበን ነበር። ተማሪው 64 ነው፤ በአንድ ዴስክ ሦስት፣ አንዳንዱ ላይ አራት። ከእነዚህ መካከል «ጎበዝ አንባቢ» ተብሎ የተነገረን አንድ ልጅ ነበር። እውነትም አስነሥተን ስናስነብበው ስለ አህያና ስለ ወንዝ የሚናገረውን ገጽ ሳይደናቀፍ፣ ነጥቡ ላይ እየቆመ፣ ድምፁን እያሳመረ ወረደው። ክፍሉ አጨበጨበ። እኛም አጨበጨብን።

በሦስተኛው ቀን ግን አንዳችን አጠገቡ ቆማ ሳለ ዓይኑ መጽሐፉ ላይ እንዳልሆነ አየች። የሚያየው በመስኮቱ በኩል ሜዳውን ነው። ጣቷን መካከል ላይ ባለች አንዲት ቃል ላይ አድርጋ «ይህቺስ ምን ትላለች?» አለችው። ዝም አለ። ከዚያ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። ከገጹ መጀመሪያ ተነሥቶ በሹክሹክታ እያነበነበ፣ ቃሎቹን በጣቱ እየቆጠረ እዚያች ቃል ዘንድ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ወንዝ!» አለ። ልክ ነው። ግን አላነበባትም።

በዕረፍት ሰዓት ለብቻው አስቀርተን «ቶ»ን ሰሌዳ ላይ ጽፈን ብንጠይቀው «ተ ቱ ቲ ታ ቴ ት ቶ» ብሎ ወርዶ ወርዶ ነው የደረሰባት። «ቶ»ን ብቻዋን ሰው የሌለበት ቦታ ቢያገኛት አያውቃትም ነበር። ያቺን ገጽ የያዛት ታላቅ እኅቱ ማታ ማታ ስታጠና በጆሮው ሰምቶ ነው። ይህን ሁሉ ካስረዳን በኋላ እግራችንን እያየ «ቲቸር፣ አይናገሩብኝ» አለን።

ያን ዕለት ምሳ አልበላንም ብንል ማጋነን ነው፤ በልተናል፤ ግን ዝም ብለን ነው የበላነው። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። 64 ልጆች ባሉበት ክፍል ውስጥ እንዳይዋረድ ብሎ የሠራው ሥራ ከማንበብ የሚከብድ ነው፤ አንድ ሙሉ መጽሐፍ በጆሮ መያዝ! የማስታወስ ችሎታው ከእኛ ይበልጣል። ያልተነካው ያ ቦታ ነው፣ በግራ በኩል ከኋላ ያለው። መምህርቱም ቢሆኑ አይፈረድባቸውም፤ 63 ሌሎች ልጆች አሉባቸው፣ እሱ ደግሞ አላስቸገራቸውም።

ማታ ስድስታችን ስንገናኝ ያቺ ስለ ዜማውና ስለ ትርጉሙ የጠየቀችው ጓደኛችን ነገሩን ከወንጪ ጋር አገናኘችው። «ይህ ልጅ ታብሌት ቢሰጠው በሁለት ሳምንት ውስጥ መዝሙሩን ይዘምራል። በጉባኤም ይነገርለት ነበር።» የወንጪና የወለንጪቲ ልጆች እንዲህ ነበሩ ማለታችን አይደለም፤ አናያቸውም፤ ፊደል ለይተው የጻፉም እንደ ነበሩባቸው ተነግሯል። ነገር ግን አፕሊኬሽን መክፈት ንባብ አይደለም፣ መዝሙርም ንባብ አይደለም። በሥራው ውስጥ እኮ ሜሪያን ዎልፍን የመሰሉ፣ የሚያነብን አንጎል ሲያጠኑ የኖሩ ምሁር ነበሩበት፤ ልዩነቱን ያውቁታል። ወሬ ሆኖ ዓለምን የዞረው ግን ካርቶኑ በአራት ደቂቃ መከፈቱ ነው።

ከስድስታችን አንዱ ልጅ ሳለ የቄስ ትምህርት ቤት ጥቂት ገብቶ ነበር። እሱ ነው መፍትሔውን ያመጣው። የኔታ ልጁ ሀ ሁን በዜማ ከያዘ በኋላ ለቀቅ አያደርጉትም፤ ወደ አቡጊዳ ያስገቡታል፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። አብዛኞቻችን አቡጊዳ ሌላ የፊደል አቀማመጥ፣ የድሮ ሰው ጨዋታ ይመስለን ነበር። ለካ ልጁ በረድፉ ዜማ ተንጠልጥሎ እንዳይሄድ ነው። የመጀመሪያው ፊደል ግዕዝ፣ ቀጥሎ ካዕብ፣ ቀጥሎ ሣልስ እያለ፣ ፊደሉም ቤቱም ስለሚለዋወጥ ጆሮ የያዘው ዜማ አይደርስለትም፣ ዓይን ራሱ ማየት አለበት። ኤም አር አይ ሳይፈጠር፣ ዴሃን ሳይወለዱ የኔታ ይህን ያውቁ ነበር። እኛ የዘመናዊ ትምህርት ሰዎች ግን ፊደሉን በረድፍ ግድግዳ ላይ ሰቅለን በዜማ እናስወርዳለን።

የፓስታ ካርቶን ቀደን ፊደል ጻፍንባቸው፣ በወዘናቸውም። በየዕረፍቱ ዐሥር ደቂቃ፣ ከዋርካው ጀርባ፣ ሌሎች ልጆች እንዳያዩት።

እዚህ ላይ አሠልጣኞቻችን ፊት አንድ ነገር መናዘዝ አለብን። ለዚያ ሦስተኛ ክፍል ያቀረብነውን የዕለት ትምህርት ዕቅድ የጻፍነው እኛ አይደለንም። በእጅ ስልካችን ላይ ባለ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው ያስጻፍነው። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ዓላማውን፣ መግቢያውን፣ ማጠቃለያውን አሳምሮ ሰጠን። ተማሪዎቹን በአራት በአራት ከፋፍሎ ለየቡድኑ ባለ ቀለም ካርድ ማደል ይላል። እኛ ያለን አንድ ሰሌዳና ሁለት ጠመኔ ነው፤ ቢሆንም በእጃችን ገልብጠን አቀረብነው። ጥሩ ማርክም አገኘንበት። ዕቅዱ ውስጥ በጆሮው ስለሚያነብ ልጅ አንድም ቃል የለም። ማሽኑ አልዋሸም፤ ያልነገርነውን ከየት ያምጣው? እኛም ያልነገርነው ስላላየን ነው፤ ያላየነው ደግሞ ዕቅዱ ተጽፎ አልቋል ብለን ስላልተመለከትን ነው። ልጁ ገጹን ከእኅቱ ተዋሰ፣ እኛ ዕቅዱን ከስልክ። ልዩነታችን እሱ ሲነቃበት አንገቱን መድፋቱ ነው። ማርካችን ቢቀነስ አንከራከርም። (ያ «ተሸንፋችኋል» የሚለው ጓደኛችን ይህን ዓረፍተ ነገር አውጡት ብሎ ለምኖን ነበር። ዕቅዱ የእሱም ነውና።)

የእሱን ክርክር እንግዲህ እናቅርበው፤ ቀላል አይደለም። እንዲህ ይላል። በ2010 በልዩ ልዩ ክልሎች የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ንባብ ሲፈተን ከሦስቱ አንዱ ያህል ከታሪኩ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም። «እነዚህ ልጆች ታብሌት አልነበራቸውም። አስተማሪ ነበራቸው እኮ! አስተማሪው ምን አደረገላቸው? ታብሌት አይደክመውም፣ አይቆጣም፣ ለስብሰባ ተብሎ ከክፍል አይጠራም። ‹ቶ›ን መቶ ጊዜ በል ብትለው መቶ ጊዜ ይላል። የከተማው ልጅ በአባቱ ስልክ እየተለማመደ ሲያድግ ለገጠሩ ልጅ አቡጊዳ ይበቃዋል ልትሉ ነው?»

በዚህ ላይ ሦስት ሌሊት ተከራክረናል። የገጠሩ ልጅ ይቅርበት ያለ ከመካከላችን የለም። እኛ ለእሱ የምናነሣው አንድ የአሜሪካ ጥናት ነው። በ2003 ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቻቸው የዘጠኝ ወር ሕፃናትን ማንደሪን ቻይንኛ አሰሙ። ለአንዳንዶቹ የቋንቋው ተናጋሪዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው መጽሐፍ እያነበቡ፣ አሻንጉሊት እያሳዩ ዐሥራ ሁለት ጊዜ አጫወቷቸው። ለሌሎቹ ያንኑ ነገር በቴሌቪዥን ወይም በድምፅ ብቻ አቀረቡላቸው። ሰው ያጫወታቸው የቋንቋውን ድምፆች ለይተው አወቁ፤ በቴሌቪዥንና በድምፅ የሰሙት ግን ጨርሶ ካልሰሙት አልተለዩም። ድምፁ አንድ ነው፣ የጊዜውም መጠን አንድ ነው። የጎደለው ሰው ነው፤ ልጁ ሲያይ አብሮት የሚያይ።

ጓደኛችን ይህን ሰምቶ ምን አለ? «እሺ፤ ግን 64 ልጆች ባሉበት ክፍል አስተማሪውስ ከቴሌቪዥን በምን ይለያል? ለማን ዓይን ነው የሚያየው?» ለዚህ መልስ አልሰጠነውም። ቢቀር ባጨበጨብንበት በዚያ በመጀመሪያው ቀን እኛ ራሳችን ቴሌቪዥን ነበርን።

ካርዱን በወዘወዝን በአሥራ ሁለተኛው ቀን ልጁ «ቤ»ን ለብቻዋ አነበበ። ሳይወርድ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። አላጨበጨብንም፤ እሱም ማንም እንዲያውቅ አልፈለገም። አንዳችን ድምፁን በስልክ ቀድተን መልሰን አሰማነው፤ ራሱን ሲሰማ እንደ መሳቅም እንደ ማፈርም ብሎት «ይድገሙት» አለ። ስድስት ጊዜ ደገምንለት። (ስልኩም ለዚህ ለዚህ ሲሆን አይጠላም።) ከዚያ የልምምድ ጊዜያችን አለቀና ተመለስን።

በሚመጣው ወሰነ ትምህርት ወደዚያ ትምህርት ቤት ለምትመደቡ ጓደኞቻችን፦ ካርዶቹን በመኝታ ክፍላችን በጫማ ካርቶን ውስጥ አኑረናቸዋል፤ መጥታችሁ ውሰዱ። ልጁን እኛ ለብቻ እናሳያችኋለን፤ ስሙን እዚህ አንጽፍም፤ ቃል ገብተንለታል። እስከ «ተ» ቤት ድረስ ተወዛውዞ ቢቀርብለት ያውቃል፤ «ቴ»ና «ት» ብቻ አንዳንዴ ይምታቱበታል። ከ«ቸ» ጀምሩ። በክፍል ውስጥ ግን ብቻውን አስነሥታችሁ አታስነብቡት፤ ገና ነው።